በአባቴ ባት ላይ የነበረው ሥር

ሞጣ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ ነርሷ ባቴ ላይ ያበጠውን ሥር በአውራ ጣቷ ስትጫነው ሰመጠ፤ ስትለቀው ተመልሶ ተገተረ። ይኼን ነገር አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ቢቸና እጫወትበት ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ማሕሌት ቆመው አድረው ሲመጡ እግራቸውን በሞቀ የጨው ውሃ የማጥበው እኔ ነኝ። ባታቸው ላይ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠማዞ ይወርዳል።

«አባባ፣ ይኼ ለምን ወጣ?»

«መቆም ነው ልጄ።»

እኔም ጽድቃቸው መስሎኝ ለጓደኞቼ ጉራ ነዛሁበት።

እናቴ ግን ትቆጣለች። «መቋሚያውን ለጌጥ ነው እንዴ የያዙት? ይደገፉበት እንጂ።»

«ተማሪዎቼ እያዩኝ?» ይሏታል።

ሳይደገፉ ኖሩ። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የወጣው ቁስል ሳይድን አብሯቸው ተቀበረ።

ነርሷ ነገሩን በሁለት ደቂቃ አስረዳችኝ። በሥሩ ውስጥ ደም ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዙ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ። ሰው ቆሞ ሲውል ሲያድር ይላላሉ፤ ደሙ እዚያው ይጠራቀማል፣ ሥሩም ያብጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር የገባትን ነገር፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ የዘለቁ ሰው አልሰማ ብለው ሞቱ።

«እርስዎም ሃያ ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆመዋል» አለችኝ ነርሷ። «ከእንግዲህ ወንበር ላይ ሆነው ያስተምሩ፣ መምህርት።»

«ተማሪዎቼ እያዩኝ?» አልኳት።