የሰዓቱ ዓምድ

የመጀመሪያዎቹ ሳተላይቶች በመጠቁበት ዘመን እነሱን ይከታተል የነበረ የአንድ ጣቢያ መዛግብት ደብረ ማርቆስ፣ እኔ በምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል ተቀምጠዋል። ቦታው ለአዲስ ትምህርት ክፍል ስለተፈለገ ዓርብ ወደ አዲስ አበባ ይጫናሉ።

ይህን የሰሙ አንድ ሽማግሌ በየጠዋቱ ከሮብ ገበያ ከተማ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይመጣሉ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ያስቀምጡና እጃቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ከዚያ የሰዓቱን ዓምድ ብቻ በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ሻይ ብላቸው ቀና አይሉም። እውነቱን ለመናገር ሰልችተውኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት፣ የመጨረሻው ካርቶን ላይ ጣታቸው ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሳተላይቷ ያለፈችው በሦስት ሰዓት ነው ይላል። ከላዩ ያለው መስመር ሰባት ሰዓት፣ ከታቹ ያለው አሥራ አንድ ሰዓት ይላል፤ ሌላው ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ተመዝግቦ ይህ መስመር ብቻ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል።

"አባባ፣ ይሄ የስድስት ሰዓት ስሕተት አለው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጄ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።" ጣታቸውን አላነሡም። "ሁለት ነበርን የምንመዘግበው። አለቆቻችን ማን ነው የጻፈው ሲሉን ዝም አልኩ። ጓደኛዬን አባረሩት።"

"ኮፒ ላንሣልዎት?"

"አንሺልኝ። እሱ ያለው ይጁቤ ከተማ ነው፤ ልወስድለት ነው። እስከ ዛሬ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።"