ዓለምነሽ በሸማኔው ጉድጓድ

ሸማኔው ሾዴ፣ ሚሊሺያ ሆኖ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲዘምት ለሚስቱ ለዓለምነሽ የተወላት አንድ ጡት ያልጣለ ልጅና የሽመና ዕቃውን እኩሌታ ነበር። ሌላው እኩሌታ የአጎቱ ልጅ የጌጡ ነው። ዕቃውን በሽርክና ሲገዙ፣ ጠብ ቢነሳ ሦስት ሽማግሌዎች እንዲፈርዱ ተፈራርመዋል።

ጠቡ አልቀረም። ጌጡ ፋብሪካ ተቀጠረና፣ «ዕቃው የኔ ብቻ ነው» ብሎ ለአንድ የአዲሱ ገበያ ሰፈር ሰው ሊሸጠው ተስማማ። አንደኛው ሽማግሌ ገጠር ወርደዋልና ሽማግሌዎቹ ለፍርድ የሚቀመጡት እሑድ ነው። ገዥው የሚመጣው ግን ቅዳሜ።

ዓለምነሽ ባሏ ሲመለስ፣ እግሩን ሰዶ የሚሸምንበት ጉድጓድ ባዶውን እንዲጠብቀው አልፈለገችም። እስኪፈረድ ዕቃው እንዳይነካ እግድ ልትጠይቅ፣ ልጇን አዝላ ፍርድ ቤት ሄደች።

«ክርክሩን ለሽማግሌ ሰጥታችኋል አይደል?» አሏት ዳኛው።

«አዎ፣ ጓድ ዳኛ።»

«እንግዲያው እግዱንም እነሱን ጠይቂ።»

«ሽማግሌ ምን ፖሊስ አለው?»

«ባለ ተራ ግባ!» ብሎ ጸሐፊው ተጣራ።

የሽሮ ሜዳን ዳገት እያለከለከች ወጣች። ሰብሳቢው ሽማግሌ አቶ ቶሎሳ አጥራቸው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ልጄ፣ ማኅተም የሌለው እግድ ምኑን እግድ ሆነ? የኛ ሥራ መፍረድ ነው፤ ማገድ የመንግሥት ነው።»

«ፍርድ ቤት እኮ ነው ወደ እርስዎ የላከኝ፣ አባባ!»

«እንግዲህ ተመልሰሽ ንገሪያቸዋ።»

«ከተሸጠ በኋላ ልትፈርዱልኝ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

አቶ ቶሎሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ። ፍርድ ቤት ተመልሳ ብትሄድ፣ ጸሐፊው ገና ከበር ሲያያት፣ «ተነግሮሽ የለም እንዴ?» አላት። እግዱ እዚህ የለም፣ እዚያ የለም፤ ታዲያ የት ነው ያለው?

በሸማኔዎቹ ሰፈር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። የሴት እግር ጉድጓድ አይገባም። ደግሞም ሸማኔ ተቀምጦ ሳለ፣ እሱ ራሱ ካልተነሳ በስተቀር ዕቃውን የሚነካ የለም። ቅዳሜ ማለዳ ዓለምነሽ እንዝርቷንና ጥጧን ያዘች፣ ልጇን ታቀፈች፣ እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዳ ተቀመጠች።

ጌጡ ገዥውንና ተሸካሚዎች አስከትሎ ሲገባ ደርቆ ቀረ።

«ምን ጉድ ነው! ውጪ!»

«ሸማኔ ተቀምጦ ዕቃ ይነቀላል?»

«አንቺን ብሎ ሸማኔ!»

«እሱን ሽማግሌ ይፍረደዋ።»

«ጌታው፣» አለ አንዱ ተሸካሚ እየሳቀ፣ «እናትና ልጁም አብረው ይጫናሉ?»

ጌጡ በርሮ አቶ ቶሎሳ ዘንድ ሄደ። «አስወጡልኝ!» ቢላቸው፣ «የሰው እግር የምንጎትት እኛ ምን ፖሊስ ነን? ፍርድ ቤት ሂድ» አሉት። ፍርድ ቤት ደግሞ፣ «ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቅ» ብሎ መለሰው። አቧራ ለብሶ ሲመለስ ገዥው መጠበቅ ታክቶት ሄዷል። ጌጡ የበሩ ደፍ ላይ ዘፍ አለ።

«ምን አሉህ?»

«እነዚያን ጠይቅ… አሉኝ።»

ዓለምነሽ ልትስቅበት ይገባት ነበር፤ አልሳቀችም። እግሯ ደንዝዟል፣ ልጇ ሽንቱን ለቆባታል፣ እሑድ ገና ነው።

«በል እንግዲያው ያንን የውሃ ጣሳ አቀብለኝ» አለችው። «እስኪፈርዱ ከዚህ አልነሳም።»

ጌጡ ትንሽ አጉረመረመና ተነስቶ አቀበላት።