የዱባለ ሁለት ገዳዮች

ጌታነሽ የገብስ ሜዳን ሰው አንድ ባንድ ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም ትንቀዋለች። ከዘመሮ ወጣ ብሎ መኪና መንገዱ ዳር በተኮለኮለው በዚያ መንደር ጸጉር ቤት ያላት እሷ ብቻ ናት። ከቆርቆሮ በሯ በላይ «ጌታነሽ የሴቶች የውበት ሳሎን» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ከውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና መብራት ሲኖር ብቻ የሚሠራ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ አለ። ውበቱን ግን ማንም እንዳይጠብቅ ራሷ ቀድማ ትናገራለች። «እኔ ጸጉር እሠራለሁ እንጂ ፊት አልለውጥም» ትላለች፣ ዊግ በፌስታል ቋጥራ ሙሽራ ልትመስል ለመጣችው ሁሉ።

እሷ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ጸጉሯ ሲፈታ ምላሷም አብሮ ይፈታል። ስለ ባሏ ትዋሻለች፣ ስለ ልጇ ትዋሻለች፣ በቁርባን ማግሥት ጎረቤቷን ታማለች። ጌታነሽ «እህ» እያለች ትጎነጉናለች። ሴትየዋ ስትወጣ ማበጠሪያዋን በፈላ ውሃ ታጥብና «ኤዲያ! ቅማል ይሻላል፤ ቅማል እንኳ የሚበላው ያረፈበትን ራስ ነው» ትላለች። ባሏ አንድ ጊዜ ሥራ ፍለጋ ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። «ተገላገልኩ» ከማለት በቀር ስሙን አንስታው አታውቅም።

ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለእሱባለው አከራይታዋለች። እሱባለው ሸማኔ ነው፤ ከበግ ጠጉር ባና ይሠራል። የመንዝ ብርድ ያለ ባና አያሳድርም። ታዲያ ሰዉ ባናውን ተከናንቦ ይሞቃል፣ የሠራለትን ሰው ግን ከሰው አይቆጥረውም። ጠላ ቤት ሲገባ ማንም አይጠጋለትም፣ ማንም ልጁን አይድርለትም፣ በስሙ የሚጠራውም ጥቂት ነው፤ «ያ ሸማኔ» ነው፣ አለቀ። ጌታነሽም ብትሆን «አንተ ፈዛዛ፣ ውሃ ቅዳ!» ከማለት በቀር ለእሱ ደግ ቃል አውጥታ አታውቅም።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ዱባለ የሞተው። ዱባለ ማለት ቁመቱ ረዥም፣ ምላሱ ከቁመቱ የረዘመ ገበሬ ነበር። ድሮ በመሬት ወሰን ተጣልቶ የአወቀን ታላቅ ወንድም ገድሎ፣ ታስሮ፣ ተፈትቶ፣ ጉማውን ከፍሎ የታረቀ ሰው ነው። አስታራቂው የመንደሩ ትልቁ ሽማግሌ አቶ በኃይሉ ነበሩ፤ እሳቸውም ያንን ዕርቅ በየድግሱ እያነሱ ይኸው እስከ ዛሬ ይበሉበታል። «በመስቀል አስምዬ ደሙን አደረቅሁት» ይላሉ ጢማቸውን እያሻሹ። አወቀ ግን ወንድሙ ከሞተ ወዲህ መላጫ ነክቶት አያውቅም። ሲጠየቅ «ለጻድቁ ስለት አለብኝ» ይላል። በዚያ አገር ደመኛ ደሙን እስኪመልስ ጸጉሩን እንደማይቆረጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ያስታረቀ ሽማግሌ ግን ከሕፃን አንሶ ማወቅ ይመቸዋል፤ አቶ በኃይሉም ስለቱን ደስ ብሏቸው አመኑ።

አንድ የገበያ ቀን ዱባለ ጠላ ቤት ውስጥ ከእሱባለው ጋር በመቀመጫ ቦታ ተጣላ። ተጣላ ማለት እንኳ ለሸማኔው ክብር ነው፤ «ተነሥ ከዚህ» ብሎ ጠላውን ፊቱ ላይ ደፋበት፣ ቤቱ ሙሉ ሳቀ፣ እሱባለው ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዱባለ አልታየም። በግ ሊሸጥ ዓለም ከተማ ወርዷል ተባለ፤ ማንም አልናፈቀውምና ማንም አልፈለገው። በኋላ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ከገደሉ ሥር ራሱ ተፈንክቶ አገኙት። ሬሳው ከርሞ ነበር።

የገብስ ሜዳ ሰው ለማሰብ ጊዜ አላጠፋም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ጠላ የተደፋበት ማን ነው? ሸማኔው። እንግዲያው ገዳዩም እሱ ነው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እሱባለው ጠላ ቤት ሲገባ ሰዎች ቦታ ለቀቁለት። የጠላ ቤቷ ባለቤት በአዲስ ብርጭቆ ቀዳችለት። በስሙ ጠርቶት የማያውቅ ገበሬ «አያ እሱባለው፣ እንደምን ዋልክ?» አለው። ትሕትና የምትባለው፣ ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ሲያገኛት አፍንጫዋን የምትይዝ ልጅ፣ ሹሩባ ስትሠራ «ለካስ ወንድ ኖሯል» አለች፤ አለችና በመስታወቱ ለራሷ ፈገግ አለች።

«ድንቄም ወንድ!» አለች ጌታነሽ ጸጉሯን ሳብ አድርጋ።

«እትዬ ጌታነሽ፣ አመመኝ!»

«ይመምሽ። ባና ሲሠራላችሁ ጥንብ ነበር፤ ሰው ገደለ ሲባል አያ ሆነ? የእናንተስ ነገር!»

ትሕትናን ሸኝታ ብቻዋን ስትቀር አንድ ነገር ትዝ አላት። ዱባለ ዓለም ከተማ ነው በተባለበት ሰሞን አወቀ በሯ ላይ ቆሞ ነበር። መብራት ጠፍቶ የወንዶቹ ጸጉር ቤት ማሽን አልሠራ ብሎት ነው ወደ ሴቶች ቤት የመጣው። «መብራት እስኪመጣ ጠብቅ፤ ይህን ያህል ዘመን ጠብቀህ የለም እንዴ?» ብትለው «ከእንግዲህ አልጠብቅም» አላት። በመቀስ ከርክማ በምላጭ ላጨችው። «ሠርግ አለ እንዴ?» ብላ ስትቀልድ ራሱን በመዳፉ ዳበሰና «ስለቴ ደረሰ» አለ። አገሩ ሁሉ ዱባለን በሕይወት አለ ባለበት ቀን፣ መሞቱን ያወቀ አንድ ራስ ነበረ፤ ያንን ራስ የላጨችው እሷ ናት።

ነጠላዋን አጣፍታ አቶ በኃይሉ ቤት ሄደች። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የምታውቀውን ስትነግራቸው ፊታቸው እንደ ኮሶ መረረ።

«አወቀን ያስታረቅሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«እሱ አልታረቀማ፣ አባቴ። እርስዎ ነዎት የታረቁለት።»

«ሴትዮ! በመስቀል የማለን ሰው ባንቺ የጸጉር ወሬ ልሰር? ደግሞስ ሸማኔው መቼ ካደ? ሂጂ፣ ጸጉርሽን ሥሪ።»

ጌታነሽ ተመለሰች፤ መንገዱን ሁሉ እየተሳደበች ተመለሰች። ድንቄም ሽማግሌ! ዕርቃቸው ፈረሰ ከሚባል ሸማኔ ቢሞትላቸው ይመርጣሉ። የዱባለ ወንድሞች ጠመንጃ እየወለወሉ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚጠብቁት የሽማግሌዎቹን ቃል ብቻ ነው።

እሱባለውን ከሸማ ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ አገኘችው። ጀርባው ቀና ብሏል። ጀርባው ቀና ብሎ አይታው አታውቅም።

«አንተ፣ ገድለኸዋል?»

«ሰው የሚለውን ሰምተሽ የለ።»

«ሰው! ሰው የሚባል እዚህ አገር የት አለና! አልገደልክም፤ አውቃለሁ። አፍ አውጥተህ ካልካድክ ወንድሞቹ ይደፉሃል!»

መወርወሪያውን አስቀመጠ። «ይድፉኝ» አለ፤ «እንደ ሰው ነው የሚደፉኝ።»

ጌታነሽ ስድብ በስድብ አደረገችው። ወጥታ በሯን ስትዘጋ ግን የዱባለ ወንድሞች እንዳይመጡ መንገዱን ቃኘች፤ በዚህም በራሷ ተናደደች።

መንገዱ በዚያ ሰሞን ደኅና ስላልነበረ ፖሊስ አልመጣም። ስለዚህ አቶ በኃይሉ አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ያባቶች ወግ ነው፤ አገሬው አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላው፣ የዱባለ ወንድሞች ከነጠመንጃቸው ከፊት። አወቀ የተላጨ ራሱን በሻሽ ጠምጥሞ መሐል ተቀምጧል። ሸማኔው ገና ሳይጠየቅ ብድግ አለ።

«አገሩን አታድክሙት» አለ። «ዱባለን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ የአድናቆት ማጉረምረም ነበር። አቶ በኃይሉ ዕፎይ ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ፤ ሊመርቁና ሊበትኑ ነው። የዱባለ ታናሽ ወንድም ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ያን ጊዜ ጌታነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መሐል ሜዳ ገባች። ማንም አልፈቀደላትም፤ እሷም አልለመነች።

«እሰይ!» አለች እያጨበጨበች። «እሰይ እሱባለው! አያ አወቀ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ምነው ዝም አልክ? ተነሥና የሸማኔውን ጉልበት ሳም እንጂ! አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ጎፈሬህን ስታጎፍር፣ ይኸው የወንድምህን ደም ሸማኔ መለሰልህ። ሰው በገደለው ነው ለካ የተላጨኸው! አወይ ወንድምህ! መቃብሩ ውስጥ ሆኖ ‹ወንድም አጥቼ ሸማኔ ደረሰልኝ› ይል ይሆናል።»

አወቀ እንደ በርበሬ ቀላ። አቶ በኃይሉ «ዝም በይ፣ አንቺ ሴት!» ብለው ጮኹ። ማን ሊሰማቸው!

«ጸጉርህን መልሼ ልቀጥልልህ» አለች ጌታነሽ፤ «ዊግ አለኝ።»

አወቀ ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ ሻሹን ከራሱ ላይ ገፎ መሬት ላይ ወረወረው። «የወንድሜን ደም ሸማኔ አይመልሰውም!» አለ። «እኔ ነኝ! በዚህ እጄ ከገደሉ አፋፍ ላይ በሽመል ፈንክቼ ጣልኩት! ስለት ያልኳችሁም እሱን ነው፤ ደረሰ፣ ተላጨሁ!»

አቶ በኃይሉ ቁጭ አሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ደግ ነበር፤ እሱባለው ግን አልተቀመጠም።

«ይዋሻል!» አለ ድምፁ እየሰለለ። «እኔ ነኝ የገደልኩት! እኔ!»

የዱባለ ወንድሞች አንዴ ይህን አንዴ ያንን ያያሉ። ታናሽየው አፈ ሙዙን ወደ ሸማኔው መለሰ። «ሁለቱም ይሆናሉ» አለ፤ «ሁለቱም ይከፍላሉ።»

ጌታነሽን ወዲያው አፏ ቀደማት።

«ይሄ?» አለች በጣቷ እያመለከተች። «ይሄ ቁጢት በጣሽ ሸማኔ ነው ሰው የሚገድለው? ስሙኝማ! እኔ ሴት ነኝ፣ ዶሮ አላርድም። በፋሲካ አውራ ዶሮዬን ይዤ ‹እረድልኝ› ብለው ቢላዋውን ጥሎ ሽንት ቤት ገብቶ ቆለፈ! ዶሮዬን ታቅፌ መንገድ ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚ ወንድ ለመንኩ። ታርዶ፣ ተገንጥሎ፣ ወጥ ሆኖ እስኪቀርብ አልወጣም! ሲወጣም ‹ደሙ ታጥቧል?› ብሎ ነው የጠየቀኝ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ትሕትና ናት። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ በመጨረሻም የዱባለ ወንድም ራሱ፤ ጠመንጃውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በሚስቁበት ሰው ላይ አይተኮስም። እሱባለው ዳነ። መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ፤ ጀርባው እንደ ቀድሞው ጎበጠ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

የዱባለ ወንድሞች ከሳቃቸው ሳይመለሱ ሽማግሌዎቹ አወቀን እጁን አስረው ለወረዳው ሊያስረክቡ ወሰዱት። ሲወስዱት እንደ ሙሽራ ነበር፤ ሴቶች ውሃ በሁለት እጃቸው አቀበሉት፣ ጎረምሶች ትከሻውን ሳሙት። አቶ በኃይሉ በማግሥቱ ጠላ ቤት ተቀምጠው «እኔስ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬው ነበር» ሲሉ ተሰሙ፤ ማንም አላፈረባቸውም፤ እሳቸውም አላፈሩም። እሱባለው ግን በወጣ በገባ ቁጥር ልጆች እንደ ዶሮ እየጮኹ ተከተሉት።

አንድ ጠዋት ጌታነሽ የትሕትናን ሹሩባ እየጎነጎነች ሳለ በሩ ላይ ቆመ። የሸማ ዕቃውን በገመድ ጠፍሮ በጀርባው አዝሏል።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ ሞላሌ። ከዚያም እልፍ ብል እላለሁ፤ ወሬው ወዳልደረሰበት።»

«ነፍስህን አዳንኩልህ» አለች ጌታነሽ፤ እንዲህ እንደ ልመና ሆኖ ከአፏ የወጣ ቃል ኖሯት አያውቅም።

«እሱንማ አዳንሽ» አለ እሱባለው። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ጌታነሽ። ብቻ ጥቂት ቀን ሰው ሆኜ ነበር። እነሱን ተዪአቸው፤ ከአንቺ ባይሆን ምናለበት?»

ዕቃውን አስተካክሎ ሄደ።

«ኪኪኪ!» አለች ትሕትና በመስታወቱ እያየቻት። «እስቲ እትዬ ጌታነሽ፣ ያንን የዶሮውን ነገር ድገሚልኝ፤ እኔ ልሙት!»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶችም «ድገሚልን፣ ድገሚልን» እያሉ ጠጋ ጠጋ አሉ።

«ውሸቴን ነው» አለች ጌታነሽ።

«ምኑን?»

«ዶሮውን። ያረደው እሱ ነው። ተቀበለኝና ‹በስመ አብ› ብሎ ባንዴ አረደው። እጁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ወንድ ነው! ሰምታችኋል? እኔ ነኝ የዋሸሁት!»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ትሕትና «እጁ አልተንቀጠቀጠም!» ብላ ሆዷን ያዘች፤ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው፤ ጌታነሽ በእናቷ አጥንት እየማለች በጮኸች ቁጥር ይብስባቸው ጀመር።