የሟቹ የውኃ አባት ድምፅ በልጄ ኮምፒውተር

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ዕድሜዬን ጎርፍ ስመራ ኖርኩ። በእኛ በራያ ቆላ ዝናቡ ብቻውን ማሽላ አያደርስም፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን በቦይ ወደ ማሳ እናስገባዋለን። ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንዲያጠጣ የሚያዘው ሰው የውኃ አባት ይባላል። የእኛው የውኃ አባት አምና፣ ክረምቱ ሳይገባ ወደ አኼራ ሄዱ።

ከመሞታቸው በፊት የተራውን ሥርዓት አንድ በአንድ ሲናገሩ ልጄ በስልኳ ቀርጻ ነበር። ስልኩ ኋላ ወድቆ ተሰበረ። ድምፁ የቀረው ቆቦ ከተማ ባለችው የጽሕፈት ሱቋ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት የላይኛውና የታችኛው ማሳ ሰዎች በውኃ ተራ ተጣልተን ዱላ እስከ መማዘዝ ስለ ደረስን፣ ዘንድሮ ጎርፉ ሳይመጣ የሟቹ ቃል ተጽፎ እንድንፈርምበት ተስማማን። ቀጠሮው ለቅዳሜ ሆነ።

ሥራው ለእኔና ለልጄ ተሰጠ። ሟቹ ኦሮምኛ እያስገቡ ነበር የሚያወሩት፤ ያንን ልጄ አትሰማም። እኔ እሰማለሁ፣ ግን ጆሮዬ ደክሟል፤ የኮምፒውተሩ ድምፅ አይበቃኝም። የሽቦ ማዳመጫ የሚሰካበትም ቀዳዳ ተበላሽቷል። ስለዚህ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን፣ በብሉቱዝ የሚሠራ ማዳመጫ አመጣችልኝ። እኔ በሩ አጠገብ ብርሃኑ ጋ ተቀምጬ የሰማሁትን እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ማዳመጫው ግን ይቆራረጥ ጀመር። ሟቹ ቢስሚላሂ ይላሉ፣ ሳል ሳል ያደርጋሉ፣ «የመጀመሪያው ጎርፍ» ይሉና ጭጭ። ብዙ ቆይተው ሌላ ነገር መሐል ላይ ብቅ ይላሉ።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚሉት ፕሮግራም ነው፤ የድሮው በቫይረስ ስላስቸገራት ቀይራው ነው። ልጄ ጥቁር መስኮት ትከፍትና ትእዛዝ ትጽፍበታለች። ኮምፒውተሩ ማዳመጫውን እንዲረሳ ታደርጋለች፣ እንደገና ታስተዋውቃቸዋለች። ድምፁን የሚያዘውን ክፍል አጥፍታ ታስነሳዋለች። አንዳንዴ ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ያው ይሆናል። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ ምን አሉ?» አለችኝ።

«የመጀመሪያው ጎርፍ የታችኞቹ ነው አሉ።»

«ሰምተህ ነው?»

«አውቀዋለሁ።»

ጻፈችው። የእኔ ማሳ ከታች ነው።

ሐሙስ ዕለት ከላይኛው ማሳ አንድ ጎረቤታችን ለፎቶ ኮፒ መጣ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ በእኔና በኮምፒውተሩ መሐል ቆመ።

«አያ፣ ሟቹ ዛሬም አኩርፈዋል?» አለኝ። «ጎርፉ ከተራራው ሊነሣ ነው፣ እናንተ ገና ቢስሚላሂ ላይ ናችሁ።»

«እርስዎ ሲመጡ ነው የሚብስባቸው» አለችው ልጄ።

ለቀልድ ነው ያለችው። ነገር ግን እሱ እዚያ ሲቆም ድምፁ በእርግጥ ጠፋ። ወረቀቱን ሊቀበል ወደ ጎን ሲል ተመለሰ። ይህን ልብ አልኩት።

ውኃ ማሳ አልደርስ ሲል ጀማሪ ሰው ያገኘበት ይቆፍራል። ሟቹ ያስተማሩኝ ግን ዶማውን አስቀምጬ፣ ከደረቀው ማሳ ተነሥቼ ቦዩን ወደ ላይ እንድከተል ነው። ውኃው የት ድረስ እንደሚፈስ ሳታይ አፈር አትንካ ይሉኝ ነበር።

«ልጄ፣ ትእዛዙን ተይው» አልኳት። «ድምፁን ክፈቺና እጅሽን ሰብስቢ።»

ማዳመጫውን እንዳደረግሁ ቀስ እያልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ መቆራረጡ ቀነሰ። ከኮምፒውተሩ ኋላ ጎንበስ ስል ጠራ።

«አያ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለ ጎረቤቴ።

«የቦዩን አፍ እየፈለግሁ ነው።»

ድምፁን በብሉቱዝ የምትልከው ጥፍር የምታህል ነገር ናት። ከኋላ ተሰክታ፣ በኮምፒውተሩ የብረት ሣጥንና በግድግዳው መሐል ተወትፋ አገኘናት። ልጄ ግንባሯን መታ መታ አደረገች። ብረት ይጋርዳታል፣ የሰው ገላም ይጋርዳታል አለችን። አጭር ማራዘሚያ ሽቦ ፈልጋ ጠረጴዛው ላይ ከፊት አወጣቻት። ጎረቤቴን የቅድሙ ቦታ ላይ መልሰን አቆምነው።

«እንግዲህ እንደ አጥር ልቁምላችሁ» እያለ ቆመ። ድምፁ አልተቆረጠም።

ሆኖም ሟቹ በርሜል ውስጥ ሆነው የሚያወሩ መሰሉ። ነገርኳት። ጠዋት ከደንበኛ ጋር በኮምፒውተሩ ተነጋግራበት ያልዘጋችው ነገር ነበር። «ማዳመጫው መናገሪያም አለው፤ መናገሪያው ሲከፈት ለመስሚያው የሚቀረው መንገድ ይጠባል» አለችኝ።

«ሁለት ሰው ከአንድ ቦይ ሲከፍት ማለት ነው።»

«እንደሱ ነው።»

ዘጋችውና ለመስማት ብቻ አደረገችው። ሟቹ ከበርሜሉ ወጡ። ከመጀመሪያው አስጀመርናቸው።

«የመጀመሪያው ጎርፍ የላይኞቹ ነው» አሉ። «ቦያቸው በተናደ ዓመት ለታችኞቹ ሰጥቻለሁ። ያ የዚያ ዓመት ብቻ ነው። ቦዩ ሲጠገን ተራው ይመለሳል።»

ያን ዓመት አስታወስኩት። ጎልማሳ ነበርኩ፤ ውኃውን ወደ ታች የመለስኩት በገዛ እጄ ነው። ደስ ያለኝን ዓመት ይዤ ሥርዓት አድርጌው ኖሬያለሁ። ባለፈው ክረምት ዱላ ያነሣሁትም በዚሁ ነው።

ልጄ እጇን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«ቀድሜ ያልኩሽን አጥፊው» አልኳት። ቃላቸውን እንዳለ ነገርኳት፣ ጻፈችው። ጎረቤቴ ቀልዱን ተወ። ማዳመጫውን አውልቄ «እንካ፣ አንተም ስማ» አልኩት። እሱም ኦሮምኛ ይሰማል። እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ራሳቸው ናቸው፣ ከነሳላቸው» አለ ሲያወልቀው። ማዳመጫውን እየመለሰልኝ «አያ፣ የእርስዎ ማሽላስ?» አለኝ።

«ሁለተኛውን ይጠብቃል።»

ቅዳሜ ተፈረመ። የእኛ የታችኞቹ ጥቂት አጉረመረሙብኝ፤ ከእነሱ ወገን ሆኜ እንዴት እንዲህ አጽፋለሁ አሉ። ድምፁ ልጄ ጋ አለ፣ ሄዳችሁ ስሙ አልኳቸው። ሁለቱ ሄደው ሰሙ።

የመጀመሪያው ጎርፍ ሐምሌ ገባ ሲል መጣ፣ ወደ ላይኞቹም ገባ። ደረቅ ቦዬ ዳር ዶማዬን ተደግፌ አየሁት። ሁለተኛው በስድስተኛው ቀን ለእኛ ደረሰ። ጎረቤቴ የራሱን ዶማ ይዞ መጥቶ ቦዬን አብሮኝ ከፈተ። ማሽላዬ ዘንድሮ ከእሱ ማሽላ አጠር ብሏል፤ ፍሬ ግን ይዟል።