በጨርቅ የተጠቀለለችው ማንኪያ

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሚሰፋበት በዚያ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ማስመሪያ ነው የሚሏት። ስፌቷ ወለም ዘለም አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ማሽን ስትረግጥ ኖራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉም ማለዳ ማለዳ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተደብቃ አንዲት ክኒን ውጣለች።

የሚጥል በሽታ አለባት። ገና ተማሪ ሳለች ክፍል ውስጥ ወደቀች፤ በማግስቱ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ቦርሳዋን አንስታ ሌላ ዴስክ ሄደች። መደበቅን የተማረችው ያን ዕለት ነው። ከታወቀባት ከሥራ እንደምትባረር ቅንጣት አልተጠራጠረችም፤ ከእናቷ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለች።

ችግሩ ሦስት ጊዜ እዚያው ማሽኗ ሥር መውደቋ ነው። ስትነቃ ሁሉም ከበዋት «ቁርስ ሳትበዪ መጥተሽ ነው» ይሏታል። እሷም ዓይኗን በጨው አጥባ «አዎ፣ ቁርስ ሳልበላ ነው» ትላለች። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ የሚተክሉት አሮጊት፣ እማማ ቁልፍ፣ በየጠዋቱ ዳቦ ይዘው «በሞቴ ጉረሺ!» ይሏታል። ማስመሪያ ቤቷ በልታ መጥታ እንደገና ትበላለች። ለውሸቷ ስትል ወፈረች።

ታዲያ በዚያ ሳምንት ጨርቅ ቆራጩ ጡረታ ወጣ። በጠመኔ የሚያሰምረውም፣ ሠላሳ ንብርብር ጨርቅ በኤሌክትሪክ መቁረጫ የሚሰነጥቀውም እሱ ነበር። ማስመሪያ ቦታው የኔ ነው ብላ ልቧን ሞልታ ጠበቀች። የቤቱ ባለቤት እትዬ ግን ከገባ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሰፊ ሰጡት።

ደሟ ፈላ። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና ጠመኔ ልትፈልግ የቆራጩን መሳቢያ ሳበች። ከጠመኔው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታችው። የእንጨት ማንኪያ ነው፤ እጀታው በጥርስ ተነክሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ቀና ብሎ ያያት የለም። ልብስ የሚተኩሰው ግዙፍ ሰው፣ ባለካውያው፣ ካውያውን አቁሞ ላቡን ጠረገ።

«ያንቺ ነው» አላት።

«የኔ?»

«ስትወድቂ አፍሽ ውስጥ የምናደርግልሽ። ምላስሽን እንዳትውጪ።»

ማስመሪያ ክው አለች። ሳታስበው ምላሷ ወደተሸረፈው የታች ጥርሷ ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ የወደቀች ለት የተሸረፈ ነው፤ ጠረጴዛ መትቶሽ ነው ብለዋት አምናለች።

«ጥርሴን የሰበርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ፤ ያ ሁሉ ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ላድንሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ታውቁ ነበር ማለት ነው? ሁላችሁም?»

«ከመጀመሪያው ጊዜ ጀምሮ» አሉ እትዬ ከበሩ ላይ ሆነው። «ማሽንሽን ከደረጃው ያራቅሁት ለምን መሰለሽ? መቁረጫውንስ ሰጥቼሽ እጅሽን ቢበላው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ያን ሁሉ ዓመት ከበርሜል ጀርባ! ያ ሁሉ ዳቦ! ከዚያ እፍረቱ ንዴት ሆነና ጮኸች፤ በዚያ ቤት ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ከወደቅሁ አራት ዓመቴ ነው! መድኃኒቱ ይዞልኛል! አንድ ሰው እንኳ እንዴት ነሽ ቢለኝ ምን ነበረበት? ምላስ አይዋጥም! አፌ ውስጥ ምንም አይገባም!»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ ባለካውያው ግራ ገብቶት።

ጠመኔውን አነሳች። ትርፍ ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጎኑ የተኛ ሰው አሰመረች፤ ከራሱ ሥር የታጠፈ ሹራብ፣ ከአጠገቡ ሰዓት።

«ስንቀጠቀጥ አትያዙኝ፤ ስለታም ነገር ብቻ አርቁልኝ። ሲተወኝ እንዲህ በጎኔ አስተኙኝ። ሰዓት እዩ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ።»

እየተናደደች እንኳ መስመሯ አልተዛነፈም። እትዬ ጨርቁ ላይ አቀርቅረው ቆዩና፣ «መቁረጫውን እሱ ይያዝ፤ ማስመሩ ያንቺ ነው» አሉ። ከዚያ ትንሽ ፈራ ተባ ብለው፣ «ከፈለግሽ ማለቴ ነው።»

«እንዴት አልፈልግም!» አለች።

 እማማ ቁልፍ ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው መጡ።

«ልጄ፣ ይቺን ጨርቅ ልውሰዳት?»

«ምን ሊያደርጉባት?»

አሮጊቷ ማንኪያዋን አንስተው በመዳፋቸው ሸፈኗት። «ይቺን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቤቴ እንዲህ ያሉ ሁለት ማንኪያዎች ነበሩኝ። ወንድ ልጄ እንዳንቺው ነው፤ ሃያ ስድስት ሞላው። ሰው እንዳያየው ከጓዳ አላወጣውም።»

ባለካውያው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። 

«ጥርሱስ?» አለች ማስመሪያ።

«ከፊት አንድም አልቀረለትም።»

 ማስመሪያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኚህ ሴት ጎን ተቀምጣ ሰፍታለች፤ ዳቧቸውን በልታለች። ልጅ አለዎት ወይ ብላ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ጨርቁን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችው።

«አልሰጥዎትም» አለች። «እኔው ይዤው እመጣለሁ። ቤትዎ የት ነው?»