ስድስትና ሰባት በአንድ ጋቢ

የዚያን ቀን በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፤ አንድ ሰው እንዳልረሳ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ቤተ መጻሕፍቱን ለብዙ ዘመን የመሩት እትዬ፣ እሳቸውን ሊተካ የመጣው ወጣት፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ዘበኛው አያ፣ ከጎናችን ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ ኋላ ተጠርተው የመጡት መጽሐፍ ጠራዥ፣ እና እኔ። እኔ ያን ጊዜ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጃገረድ ነበርኩ። አዳራሹን እጠርጋለሁ፤ ጽሕፈቴ ሸጋ ነው ስለተባለም የመጻሕፍቱን ካርድ እጽፋለሁ።

ነገሩን ያነሳሳብኝ የልጄ እጅ ነው። ባለፈው ክረምት ጣራው ያፈስ ይሆናል ብዬ ስለፈራሁ ሣጥኑን ከግድግዳው ስናርቅ፣ ልጄ ከሥሩ አንዲት የወየበች ካርድ አነሳች።

"እማ፣ ይኼ ምንድን ነው? ቀለም ፈስሶበታል።"

ካርዷን ተቀብዬ አሸተትኳት። የዱቄት ሙጫና የረጠበ ወረቀት ሸተተኝ። ለእኔ ብቻ ሸትቶኝም ሊሆን ይችላል።

ቤተ መጻሕፍታችን ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። መስከረም ላይ መስኮቱ ሲከፈት የወንዙ ድምፅ ይገባል፤ ከዝናቡ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ብርሃንም ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። እትዬ የካርድ አጻጻፍ ያስተማሩኝ እዚያ መስኮት ሥር ነው። ከላይ የደራሲው ስም፣ ቀጥሎ የመጽሐፉ ስም፤ መጽሐፉ ከተከታታይ መጻሕፍት አንዱ ከሆነ ደግሞ ከታች የተከታታዩ ስምና ቁጥሩ። "ቁጥሩን መጽሐፉ እንደነገረሽ ጻፊ፤ እንደገመትሽው አይደለም" ይሉኝ ነበር። "ከሩቁ ከመካነ ብርሃን መጥቶ እዚህ የሚማር ልጅ ሦስተኛውን ጨርሶ አራተኛውን ሲፈልግ መንገድ የምታሳየው ይህቺ ቁጥር ናት።" እኔ ከጥንትም ፈሪ ነኝና ካርዱን አይቼ መጽሐፉን፣ መጽሐፉን አይቼ ካርዱን ስመለከት ቀኑ ይመሽብኝ ነበር።

ተማሪዎች ከሁሉ የሚወዱት ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር ያላቸውን የተረት መጻሕፍት ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ጣራው አፈሰሰባቸውና ሽፋናቸው አበጠ። አያ በጆንያ ተሸክመው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ወደሚኖሩት ጠራዥ ወሰዷቸው፤ ወፍራም ጨርቅ ለብሰው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥራቸው በግእዝ ተጽፎ ተመለሱ። እትዬ ጓዝ በመሸከፍ ላይ ስለነበሩ መጻሕፍቱ እንደመጡ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ማንም አልገለጣቸውም።

እትዬ ወደ እስራኤል ሊሄዱ ነበር። ወንድሞቻቸው ቀድመው ሄደዋል፤ የእሳቸውም ተራ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ደርሶ በማግሥቱ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሊነሡ ነው። የቀረው ርክክቡ ብቻ ነበር። የንብረት ኃላፊው ካርዱን ይጠራሉ፤ አያ ከመደርደሪያው ሥር ቆመው "አለ" ይላሉ።

"ቁጥር አምስት።"

"አለ።"

"ቁጥር ስድስት።"

"አለ።"

"ቁጥር ሰባት።"

አያ አንገታቸውን አስግገው መደርደሪያውን አዩ። ወጣቱ ተነሥቶ ፈለገ፤ እኔም በየጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ፈለግሁ። ከስድስት ቀጥሎ ያለው ስምንት ነው።

"እኔ ወንዝ አልተሻገርኩ፤ ጆንያውም ቀዳዳ የለው። ምን ዋጠው?" አሉ አያ።

"እስቲ ጆንያውን ያምጡትና እንፈትሸው" አሉ ኃላፊው።

"ጆንያው አሁን ጤፍ ታቅፏል። ከፈለጉ ጤፉንም አንድ በአንድ ይቁጠሩት።"

እትዬ አልሳቁም። ፊታቸው እንደ አመድ ሆኖ ነበር። ሻይ ይዛ የገባችው ሴት ልታጽናናቸው ብላ "ቢጠፋስ ምን አለ፣ ነገ እርስዎ የሉ" አለቻቸው።

"ምነው እንዲህ ትያለሽ?" አሏት ቀስ ብለው። "ወገኖቼ እዚህ አገር ማረሻውንም ገንቦውንም ሲሠሩ ኖሩ፤ ስም የሚያወጣልን ግን ሌላ ሰው ነበር። አሁን ደግሞ 'መጽሐፍ ይዛ ጠፋች' የሚል ስም ጨምሬበት አልሄድም። ካልተገኘ ነገ አልሳፈርም።"

ያ ተራ ካለፈ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። አያ ምርኩዛቸውን አንሥተው "እስቲ ጠራዡን ልጥራቸው" ብለው ወጡ።

ጠራዡ ጣቶቻቸው ላይ ሙጫ ሳይደርቅ መጡ። እትዬ "የኔታ፣ ሰባተኛው የት ገባ?" ብለው ጠየቋቸው።

"ከስድስተኛው ጋር ነዋ።"

መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረዱና መካከሉ ላይ ገለጡት። የሰባተኛው ርእስ፣ ከሥሩም ቁጥሩ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር።

"ሁለቱም ቀጫጭን ናቸው። ተረቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። በእኛ ዘንድ የጻድቁ ገድልና ተአምሩ በአንድ የእንጨት ገበታ ይጠረዝ የለም እንዴ? ብርድ እንዳይመታቸው አንድ ጋቢ አለበስኳቸው፤ ጀርባው ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ጻፍኩ።"

"ሰርግ ደግሰው እኛን ሳይጠሩን" አሉ አያ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፤ እትዬ ግን በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ዕንባቸው ወረደ።

የንብረት ኃላፊው ብቻ አልሳቁም። "ቆይ፣ መዝገቡ ዐሥር ይላል፤ እኔ የማየው ዘጠኝ ነው። በአንድ ሽፋን ያለ አንድ ነው። ወይ ይፈታ።"

"ስፌቱ ከተፈታ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል" አሉ ጠራዡ።

ወጣቱ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። ሙያውን የተማረ፣ ድምፁ ግን የማይሰማ ልጅ ነበር። "የተጣመረ ቁጥር የሚመዘገብበት መንገድ አለው" አለ። "የመጀመሪያው ቁጥር፣ ሰረዝ፣ የመጨረሻው ቁጥር። ካርዱ እንዲህ ካለ ሰባተኛው የት እንዳለ ማንም ያውቃል። የምረከበው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ተጽፎ እረከበዋለሁ።"

እትዬ ቀና ብለው አዩት። "መጽሐፉ የሚለውም ይህንኑ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ታትመውበታል።"

"ይጻፍና ልየው" አሉ ኃላፊው።

እትዬ ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ። ብዕሩን አጥብቄ ጨበጥኩት፤ የመጀመሪያው ካርድ ላይ ቀለሙ ጠብ አለና ተበላሸ። በመስኮቱ የቀሐ ድምፅ ይገባ ነበር። እትዬ ትከሻዬን ያዙኝ። "ልጄ፣ መጀመሪያ ተንፍሺ።" ተነፈስኩ። በሁለተኛው ካርድ ላይ የተከታታዩን ስም፣ ቀጥሎም "ቁጥር 6-7" ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ እንደ አዲስ ጠሩ።

"ቁጥር ስድስት እስከ ሰባት።"

አያ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱና "አለ" አሉ፤ ድምፃቸው እስከ መንገድ ተሰማ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥርም ተገኙ። ኃላፊው ፈረሙ። ሻይ ሻጯ ትሪዋን አስቀምጣ፣ ሰው በሹክሹክታ በሚያወራበት በዚያ ቤት፣ እልል አለች። ኃላፊው "ለዛሬ ይፈቀዳል" ብለው እሳቸውም ፈገግ አሉ። እንደዚያ ቀን ራሴን ረጅም ሆኜ ያየሁበት ቀን የለም።

የተበላሸውን ካርድ ልጥለው ስል እትዬ ያዙኝ። "አስቀምጪው። ሌላ ጊዜ ስትፈሪ እይው" አሉኝ።

በማግሥቱ ስማቸውን ንጹሕ አድርገው ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ከመስኮቱ ሁለት ጣታቸውን አጣብቀው አሳዩኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባን እኔና አያ ብቻ ነን።

እኔ እስካገባ ድረስ ወጣቱ ካርድ አስጻፈኝ። ዛሬ የምጽፈው የለም፤ በሩን ቆልፌ ተመልሼ የምነካ፣ ልጄ ስልክ ካላነሣች እንቅልፍ የማይወስደኝ እናት ነኝ። ካርዷ የተገኘች ሰሞን ከልጄ ጋር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወረድን። ካርዶቹ የሉም፤ ሁሉ በኮምፒውተር ሆኗል። እዚያ የምትሠራውን ልጅ ያንን ተረት ፈልጊልኝ አልኳት። መታ መታ አደረገችና መስተዋቱን ወደ እኔ አዞረችው፤ "ቁጥር 6-7" ይላል። መጽሐፉንም አመጣችልኝ። ጨርቁ ነጥቷል፤ ስፌቱ ግን አልላላም።

ለእትዬ ይህን ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አድራሻቸው የለኝም። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እስራኤል ዘመድ ያላችሁ ጠይቁልኝ። በሕይወት አሉ? ጤናቸውስ እንዴት ነው? የሰማ ሰው ይንገረኝ።