ወጌሻዋ ያጸዳችው ፋይል

ክሊኒኩ ውስጥ ወጌሻ የሚባል የሥራ መደብ የለም፤ ወጌሻ የምትባል ሴት ግን አለች። የምትጠግነው አጥንት ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። ስሙን ያወጣላት አፉ የማያርፈው የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ነው። እሷም አልከፋትም። አራት ዓመት ሙሉ «መጥረጊያዋ» ስትባል ኖራ «ወጌሻዋ» ቢሏት፣ ሹመት ነው እንጂ ምን ሊሆን!

አዎ፣ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ሙያውን ያስተማሯት በቅርቡ ጡረታ የወጡት የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። ምንም ነገር ቢነግሯቸው መልሳቸው «ምክንያቱስ?» ስለሆነ ሰው ሁሉ «ጋሽ ምክንያቱ» ይላቸዋል። አንድ ሰኞ በምሳ ሰዓት ወለል ስትወለውል ወንበር ሳቡላትና «ቁጭ በይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አሏት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ምሳቸውን እየበሉ አስተማሯት። «ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ለምን እኔን?» ስትላቸው ግን፣ ለሁሉ ነገር ምክንያት የሚጠይቁት ሰውዬ ሳቅ ብለው ያልፏታል።

ካስተማሯት ሁሉ ትልቁ የእናት ፋይል ነገር ነው። ክሊኒኩ አሥራ ስድስት ኮምፒውተሮች አሉት። የትኛው በየትኛው ፕሪንተር እንደሚያትም፣ የምርመራ ውጤት ከየት እንደሚቀበል፣ ሴቲንጉ ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሮቹ ጠዋት ሲከፈቱ ከዚያ ይቀዳሉ። ድሮ ፍላሽ ይዞ ከክፍል ክፍል መንከራተት ነበር፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይረሳል። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ማለት ይኸው ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ምክንያቱ። ታዲያ እሳቸው በፋይሉ ውስጥ ከየመስመሩ ሥር ወሬ ይጽፋሉ። ከፊቱ አንዲት ምልክት ያስቀምጣሉ፤ ምልክቷ ያለችበትን መስመር ኮምፒውተሩ ዘሎት ያልፋል። የሚያነበው ሰው ብቻ ነው።

እሳቸው ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ቦታውን ለእሷ ሰጧት፤ ግን ለሦስት ወር ሙከራ። «እህቴ፣ ዲፕሎማ የለሽም» አሏት። «በነዚህ ሦስት ወራት አንድ ቀን ሥራ ከተቋረጠ ወደ መወልወያሽ ነው የምትመለሺው፤ አልዋሽሽም።»

የግምገማው ሳምንት ደረሰ። «ፋይሉን አሳዪኝ ቢሉኝ ይህን ዝብርቅርቅ ነው የማሳያቸው?» አለች። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ የጽዳት እጅ ምን ያድርግ፣ ጠረገችው! የጋሽ ምክንያቱን ወሬ አንድ በአንድ አጠፋች። መጨረሻ ላይ ለላብራቶሪው ኮምፒውተር ብቻ የተጻፈች መስመር አገኘች፤ ሌሎቹ በፍጥነት ሲሠሩ እሱን «በዝግታ» ትላለች። ይሄስ ምን በደለ ብላ እኩል አደረገችው። ፋይሉ አማረ፤ እሷም ደስ ብሏት ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ወጌሻ! ኧረ ድረሽልኝ!» ስትል የላብራቶሪ ኃላፊዋ ጮኸች። ደም የሚመረምረው ማሽን ሁለት ጊዜ ሲጥ ሲጥ ይልና ዝም ይላል። አንድም ውጤት ወደ ኮምፒውተሩ አልገባም። ኮሪደሩ በሕመምተኛ ሞላ። ሥራ አስኪያጁም መጥተው እጃቸውን አጣጥፈው በሩ ላይ ቆሙ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏታል እንዲህ ያለችውን። ያንን ሲጥ ሲጥ የሆነ ቦታ ታውቀዋለች፤ የት እንደሆነ ግን አልመጣላት አለ። ጋሽ ምክንያቱ ጋ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

ድንገት ትዝ አላት። ሰውዬው የእናት ፋይሉን ቅጂ በየማታው የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው፤ እሷም አላቋረጠችውም። የከትናንት ወዲያውን ከፈተችና ከ«በዝግታ» ሥር ያለውን አነበበች፤

«ይህ ማሽን አሮጌ ነው። ቶሎ ቶሎ ሲጠይቁት ሁለት ጊዜ ጮሆ ያኮርፋል። በዝግታ ጠይቁት። አምስት ቀን ፈልጌ ያጣሁትን የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ስትወለውል ሰምታ። ይህች ልጅ ጆሮ አላት። ከሰኞ ጀምሮ አስተምራታለሁ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። መወልወያዋን ተደግፋ በወሬ መሀል ጣል ያደረገችው ነገር ነበር፤ እሷ ረስታዋለች። መስመሩን መለሰችና ኮምፒውተሩን አጥፍታ ከፈተችው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ውጤቱን ይደረድር ጀመር።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆመው አንብበዋል። «የጽዳት ሠራተኛዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? «መስመሩን ያጠፋሁትም እኔው ነኝ። ላሳምር ብዬ።»

«ስንት ደቂቃ ቆመ?»

«ሃያ አምስት።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ ጋ ሥራ ተቋረጠ የሚባለው ከግማሽ ሰዓት ወዲያ ነው» አሉ። እንዲህ ያለ ደንብ በዚያ ክሊኒክ ማንም ሰምቶ አያውቅም። የቋሚነት ደብዳቤዋን ከምሳ በፊት ፈረሙላት።

እሷም የጋሽ ምክንያቱን ወሬ አንድም ሳታስቀር መለሰች፤ ከሥሩም የራሷን ጨመረች። «ይህን አጥፍቼ ሃያ አምስት ደቂቃ ሕመምተኛ አስጠብቄያለሁ። እባካችሁ አታጽዱት።»

ከሰዓት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸውን ስትሰማ እንባዋ ቀደማት። «ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ወሬዎን ከፋይሉ ጠርጌ ጉድ ሆኜ ነበር፤ ለምን እኔን እንደመረጡም ዛሬ ገና አወቅኩ። ምን ነበር ያኔ ቢነግሩኝ?»

«ጽፌው የለም እንዴ?» አሉ ጋሽ ምክንያቱ። «ሳታነቢ የምትጠርጊው አንቺ!»